የአመዱ ከተማ

አልአሚን ከዛፉ ሥር በጀርባው ተዘርሯል፤ ጭንቅላቱ በበትር ተመቷል። ዐፊፋ ከቀርከሃው አጥር ውጭ ቆማ የወንድሟን ፊት አየች። እጇ የማሽላ ዱቄት እንደነካ ነበር፤ በቀሚሷ ጠረገችው። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች። እንባው አልመጣም፤ እሷም አልጠበቀችውም።

«ማንም እንዳይገባ» አለች።

ግቢው የአልአሚን ትምህርት ቤት ነው። ካርቱም ለእንግሊዞች ሲያገለግል ኖሮ አሶሳ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሀብት የእንግሊዝኛ አፋቸው ብቻ ነበር፤ እሱን ወደ ሱዳን ለሚወርዱ ሰዎች ያስተምራል። በደረቁ መሬት ላይ በአመድ ከተማ ይስላል። ይኼ ስትሪት፣ ይኼ ማርኬት፣ ያ ሆስፒታል፤ እሱ የሚቀመጥበት ዛፍ ደግሞ ስቴሽን። ተማሪው በመንገዱ እየሄደ የደረሰበትን በስሙ ይጠራል። የቤት ግድግዳ ረግጦ ያለፈ ቅልጥሙ ላይ አርጩሜ ይቀምሳል። ሽማግሌም ሆነ ጎረምሳ፣ ለአልአሚን ያው ነው።

ሬሳውን ያገኘው የአጎታቸው ልጅ ዐወድ ነበር። ጢሙ የሸበተ፣ ዕድሜውን ሙሉ በአረብኛው የነጋዴዎች መንገድ መሪና አስተርጓሚ ሆኖ የኖረ ሰው ነው።

«ገብተህ ነካኸው?» አለችው።

«ወላሂ አልገባሁም። ለሱብሒ ሶላት ልጠራው መጥቼ ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት።»

«ድሮስ? እሱ ዘንድ ተምረህ ታውቃለህ?»

«በዚህ ጢሜ ቅልጥሜን ልገረፍ? አንድ ቃል አላውቅም፤ እግሬም እዚህ ግቢ ረግጦ አያውቅ።»

ብዙም ሳይቆይ ዘመዶቿ ሻዕባንን አስረው አመጡት። ሻዕባን ተሸካሚ ነው። አልአሚን በሰው ፊት ስለገረፈው ክረምቱ ሳይገባ ትምህርቱን ጥሎ ወጥቷል፤ ሲወጣም «ያን በትር አንድ ቀን እመልስልሃለሁ» ብሎ ዝቷል። ያልሰማ የለም።

የመንደሩ ዳኛ ሸይኽ ሐምዳን ወደ ዐፊፋ ዞሩ። «ልጄ፣ ደሙ ያንቺ ነው። ከቀብሩ በፊት የገዳዩን ስም ጥሪ። ሻዕባን ካልሽ ሻዕባን ነው።»

ጦር የያዙት ዘመዶቿ አፏን አፏን ያያሉ። አንድ ቃል ብትናገር የሻዕባን ነገር ያበቃል።

«ገደልከው?» አለችው።

«አልገደልኩም።»

«ዝተሃል።»

«የዛተ ሁሉ ቢገድል አሶሳ ውስጥ ማን ይተርፍ ነበር?»

«ትጠላው ነበር?»

«እጠላው ነበር። ስለሞተም አልወደድኩትም።»

ዐፊፋ መልሱን ወደደችው። ፊቷ ላይ ግን አልታየም።

ወደ ሱዳን የሚወርደው የነጋዴዎች ቅፍለት አለቃ ኻሚስ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥጣል። «አላህ ያጽናሽ እህቴ። ዛሬ ወደ ኩርሙክ ልንነሳ ነበር፤ አስተርጓሚዬ እሱ ነበር።»

«ዐወድ አለልህ አይደል?»

«ዐወድንማ ዘንድሮ ይቅርብህ ብዬዋለሁ። ከድንበሩ ማዶ ያለው እንግሊዝ አለቃ የሚሰማው የራሱን አፍ ብቻ ነው።»

እሷ ግቢውን በውጭ በኩል ዞረችው። አጥሩ የትም አልተነቀለም። መሬቱ እንደ ድንጋይ የደረቀ ስለሆነ ዱካ አይዝም። አመዱ ግን አንድም ቦታ አልተረገጠም። ክረምቱ ወጥቶ ከተማውን እንደገና ሲስለው አልአሚን አንድ ነገር ጨምሮበታል፤ ከአጥር እስከ አጥር የሚዘረጋ፣ ዘሎ የማይታለፍ ሰፊ የአመድ ወንዝ። ድልድዩ ከግራው አጥር ሥር አመድ ያልተነሰነሰባት ጠባብ ክፍተት ናት። ዛፉ ከወንዙ ማዶ ነው።

ዐፊፋ ከዛፉ ኋላ ጥቂት ቀርከሃ ነቅላ ገባችና ወንድሟ ራስጌ ቆመች።

«እዚሁ ይታጠባል» አለች። «ኻሚስ፣ ከፈኑን አምጣልኝ።»

ኻሚስ ከበሩ ቀጥ ብሎ መጣ። ማርኬቱን ረገጠው፣ ሆስፒታሉን ረገጠው፣ በወንዙም ላይ ሄደበት።

«ሻዕባንን ፍቱት። ቃሬዛውን ይዞ ይምጣ።»

ዘመዶቿ አጉረመረሙ፤ ሸይኹ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ሻዕባን ቃሬዛውን ተሸክሞ በመንገዱ መጣ፤ በቤቶቹ መካከል እየተጠመዘዘ፣ አንድም ግድግዳ ሳይነካ። ወንዙ ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ገባበት፤ አመዱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አነጣው።

«ዐወድ፣ አንተ ውሃውን።»

ዐወድ ሙሉውን እንስራ ታቅፎ ተነሳ። እንዳይፈስበት ዓይኑን ከእንስራው አፍ አልነቀለም። ማርኬቱ ጋ ታጠፈ። ወደ ግራው አጥር ሄደ፣ በጠባቧ ክፍተት ተሻገረ፣ ከዚያ ወደ ዛፉ ተመለሰ።

ዐፊፋ እንስራውን ተቀበለችው።

«የአጎቴ ልጅ፣ በዚያ በኩል ለምን ዞርክ?»

ዐወድ እግሩን አየ።

«ሸይኽ፣ ልንገርዎት» አለች፤ ድምፅዋ ከጎረቤት ዱቄት እንደሚበደር ሰው ረጋ ያለ ነበር። «እዚህ ዛፍ ለመድረስ ወንዙን ማለፍ ግድ ነው። ገዳዩ በጨለማ ገብቶ ወጥቷል፤ አመዱ ግን እንዳለ ነው። እንግዳ ቢሆን ኻሚስ እንደመጣው ይመጣ ነበር። ስለዚህ ተማሪ ነው፤ እሱን እናንተም ብላችኋል። ሻዕባን ግን የሚያውቀው የድሮውን ከተማ ነው። ግድግዳ አይረግጥም፤ ወንዙ ሲሳል ግን አልነበረም። በቀን እንኳ ገባበት። ዐወድ ግን ‹እግሬ ግቢውን ረግጦ አያውቅም› አለኝ፤ እግሩ ግን ድልድዩን ሳያይ አገኘው።»

ዐወድ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሰው እንዳያየኝ ጎህ ሳይቀድ እየመጣሁ ተማርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «በአርጩሜውም ተገረፍኩ። ዛሬ ‹ለኻሚስ ዐወድ ይበቃል በልልኝ› አልኩት። ሳቀብኝ። ‹አንተ ገና ከድልድዩ ወዲህ ነህ› አለኝ። በትሬ በእጄ ነበር።»

«ስም ጥሪ» አሏት ሸይኹ።

«ዐወድ» አለች። አንድ ወንድም ሞቶባት ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኑ። የትኛውም ገና አልተሰማትም።

ዘመዶቿ ዐወድን አሰሩት፤ አልአሚንንም አጥበው ከፈኑት። ቃሬዛውን ቀድሞ የሚያነሳ ሲጠፋ ሻዕባን በፊት በኩል ያዘው፤ ሌሎችም ተከትለው ያዙ። አመዱ ጋ ሲደርስ ቆመና ወደ ታሰረው ሰው ዞሮ፦

«ይኼ ምን ይባላል?» አለው።

ስሙን ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

«ሪቨር» አለ ዐወድ።

ተሸካሚዎቹ ዐፊፋን አዩ፤ በድልድዩ እንዙር ወይ እንደማለት።

«በቀጥታ ሂዱ» አለች።

አመዱ እየቦነነ ተሻገሩ።