የተላሰው ክንፍ

«የኔ ላሞች ሣር ነው የሚበሉት!» አለ ኪየር። «አውሮፕላን የበላች ላም የት አይተሃል?»

«ታዲያ እኔ ነኝ የበላሁት?» ኦቹዶ የዘበኛ ቆቡን መሬት ላይ ወረወረ።

ኢንስፔክተር ሙሉነሽ በመካከላቸው ገባች።

ከአቦቦ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በድሮው የጥጥ እርሻ ሜዳ ላይ፣ መድኃኒት ይረጭ የነበረ አሮጌ አውሮፕላን ቆሟል። የግራ ክንፉ ሸራ እንደ አሮጌ ነጠላ ተዘልዝሏል። እርሻው ለአንድ ቅርስ ሰብሳቢ ሸጦታል፤ ሊጭነው የመጣው መኪና ከሜዳው ዳር ይጠብቃል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ኦቹዶ ዛሬውኑ ከሥራው ይባረራል።

«ንፋስ ነው» አለ ደሞዝ። በሰፈራው ዘመን በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ መካኒክ የሆነ ሰው ነው። አውሮፕላኑ መብረር ካቆመ በኋላም በየሳምንቱ ያጥበዋል። «የግንቦትን ንፋስ ታውቂው የለ።»

«ንፋስ ክንፍ ይመርጣል እንዴ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሙሉነሽ የተቀደደውን ሸራ ዳሰሰችና ጣቷን ቀመሰች። ጨው ነው።

አውሮፕላኑን ዞረችው። በጎማው፣ በጭራውና በቀኝ ክንፉ ሥር በቅርብ የተቆረጠ እሾህ ተከምሯል። ክፍት የተተወው የግራ ክንፉ ብቻ ነው።

«ኪየር፣ ላሞችህ እሾህ ይቆርጣሉ?»

«ቢቆርጡማ እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

«ኦቹዶ፣ ትናንት ቀን የት ነበርክ?»

«ደሞዝ ቤት። ዓሣ ብላ ብሎ ጠራኝ። ሚስቱ ሦስቴ ጨመረችልኝ።»

«እሱስ አብሮህ በላ?»

«ዘግይቶ መጣ። እጁን ሲታጠብ…» ኦቹዶ ጓደኛውን አየና አቀረቀረ። «አላስታውስም።»

ሙሉነሽ ደብተሯን አወጣች። ጮክ ብላ እያነበበች መጻፍ ጀመረች። «ዘበኛ ኦቹዶ የሥራ ቦታውን ጥሎ በመሄዱ…»

«ተይው» አለ ደሞዝ። እጆቹን ዘረጋ፤ በእሾህ ተጫጭረዋል። «ጨው በጥብጬ የቀባሁት እኔ ነኝ። ላሞቹ ልሰው ቀደዱት ይባልና ያልፋል ብዬ ነበር። ኪየርን ሲይዙት ጊዜ ንፋስ ነው አልኩ። ደግሞ ነገሩ ወደ ኦቹዶ ዞረ።»

«እሾሁስ?»

«ጭራውን ቢሰብሩትስ? ሸራ ግን ይሰፋል። ገዢው ሳይጠገን አይጫንም ብሏል። ሰኔ ከገባ ይህን ጭቃ የሚያልፍ መኪና የለም። አንድ ክረምት አብሬው ልክረም ብዬ ነው።»

«ላሞቼን ሳትጠይቀኝ ሥራ ቀጠርካቸዋ!» አለ ኪየር። ኦቹዶ ሳይወድ ሳቀ። ቆቡን አንስቶ አራገፈ።

ሙሉነሽ ቃሉን ጻፈች፤ ደሞዝ ፈረመ። ነገ ጣቢያ ይቀርባል፤ ክንፉንም በራሱ ወጪ ይሰፋል።

«በነጭ ክር ነው የሚሰፋው» አለ ኦቹዶ።

«በጥቁር! አንተ ስለ ስፌት ምን ታውቃለህ?» አለ ደሞዝ።

«እስኪ ይህቺን ጫፍ ያዢልን፣ ኢንስፔክተር» አለ ኪየር።

ያዘችላቸው። አራቱም ክንፉ ላይ ጎንበስ ብለው ሲከራከሩ፣ መኪናው ባዶውን ዞሮ፣ አቧራውን እያቦነነ ወደ ጋምቤላ መንገድ ወጣ።