የሐኪሙ የመጨረሻ እትም

መርማሪዋ ገና ደጃፉን ሳታልፍ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኗ ሬሳ አስጠልቷት አያውቅም፤ የሚያስጠላት የቁም ሰው ቆሻሻ ነው፤ በዚህ ቤት ደግሞ እሱ ሞልቶ ተርፏል። ባለሦስት ክፍል ቢሮ ነው። ጥጉን አይጥ የቦጨቀው የዲስኬት ካርቶን ይዞታል፤ በየጠረጴዛው የቆሙት የሻይ ኩባያዎች ሻጋታ አብቅለዋል። እዚህ የሚሠራው የኮምፒውተር ቫይረስ ማጥፊያ ፕሮግራም «መጥረጊያ» ይባላል። ስሙን እንጂ ዕቃውን እዚህ ቤት ያየው ሰው ያለ አይመስልም።

ሟቹ በውስጠኛው ክፍል ኪቦርዱ ላይ ተደፍቶ ነበር። ያስመለሰው ነገር በቁልፎቹ መሃል ገብቶ ደርቋል፤ አጠገቡ ሌላ ባዶ ወንበር ተጠግቷል። ፕሮግራሙን የጻፈው እሱ ነው፤ የታመመ ኮምፒውተር ስለሚያድን ሁሉም «ሐኪሙ» ይሉታል። ከፊቱ ባለው ስክሪን ግርጌ ከፊደላት የተሠራ ወፍራም ትል እየተሳበ ይሄዳል፤ ጠርዝ ሲደርስ ይጠፋና ከሌላው ጠርዝ እንደገና ብቅ ይላል።

«ይሄን ነገር አጥፉልኝ» አለች መርማሪዋ። ወዲያው ግን «ቆይ፣ ተዉት» ብላ ሐሳቧን ቀየረች።

የአስከሬን መርማሪው በአጭሩ ነገራት። የአይጥ መርዝ ነው፤ በሻይ የተሰጠ ይመስላል፤ ሰውየው የሞተው ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

በፊተኛው ክፍል ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል፤ ከእነሱ ሌላ የቢሮው ቁልፍ ያለው የለም። አንደኛዋ የሟቹ እህት፣ ዲስኬት ቀጂዋ ናት። ሁለተኛው ባሏ ነው፤ ፕሮግራሙን የሚያሻሽጠው እሱ ነው። ሦስተኛው የደንበኞችን ስልክና ደብዳቤ የሚመልስ መነጽራም ሰው ነው። መርማሪዋ አንድ በአንድ ወደ መካከለኛው ክፍል ጠራቻቸው።

እህትየው አንድ ዲስኬት ጨብጣ ገባች።

«ትናንት ከቀትር በኋላ ሥራ አልገባሁም፤ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት» አለች። «አዲስ እትም ሲያልቅ ወንድሜ ‹ይቀዳ› ብሎ ጽፎ ያስቀምጥልኛል። አርባውን ቀድቼ ሻይ ልወስድለት ስገባ… እስከ ቀትር ሦስት መቶ መድረስ ነበረበት። ፖስታዎቹም ተዘጋጅተዋል።»

«ምን አለበት ዲስኬቱ ላይ?»

«ፕሮግራሙና የታረሙ ስህተቶች ዝርዝር። ዝርዝሩ ሁልጊዜ አብሮ ይላካል።» ያተመችውን ወረቀት አቀበለቻት። «መጨረሻውን አላየሁትም ነበር። የወንድሜን ውርደት በገዛ እጄ አርባ ጊዜ ቀዳሁት፣ እሜቴ።»

የመጨረሻው መስመር «ትሉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ መኖር አልፈልግም። ይቅር በሉኝ» ይላል።

«ሴት ልጅ አለችው» አለች እህትየው። «ይሄ ወረቀት ከወጣ ዕድሜዋን ሙሉ የማን ልጅ ነሽ ሲሏት አንገቷን ትደፋለች። እሱ አልጻፈውም። ግን ፋይሉ የሱ ነው፣ ማሽኑም የሱ ነው፣ ምን ብዬ ልከራከር?»

መርማሪዋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ስድስት ስህተቶች ታርመዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያሳወቁን እገሌ ናቸው፤ እናመሰግናለን» የሚል አለ። ከሰባተኛው ሥር ግን ምንም የለም።

ስልክ መላሹ መነጽሩን ደጋግሞ እየጠረገ፣ ስክሪኑ ላይ ስለሚሳበው ስለ ትሉ፣ ስለዚያ ቫይረስ ነገራት።

«በየወሩ ሃያኛው ቀን ይነቃና ያገኘውን ፋይል ይበላል። መጀመሪያ የጻፈችልን የአንድ ማዋለጃ ክሊኒክ መዝገብ ያዥ ናት። የደም ዓይነት መዝገባቸውን በላባቸው። አንዲት ወላድ የማይሆናት ደም ተሰጥቷት ሞተች።»

«ሐኪሙ ሲሰማ ምን አለ?»

«ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ ደብዳቤውን ወሰደብኝ፤ አልመለሰልኝም።»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ከስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ደንበኛ ቤት ማሽን ስጠግን። አስራ አንድ ተኩል ላይ ተመለስኩ። የሐኪሙ በር ዝግ ነበር፤ ሥራ ላይ ነው ብዬ ሳልረብሸው ወጣሁ።»

መርማሪዋ ያለፉትን አሥራ አራት እትሞች ዲስኬቶች አስከፈተችው። ፋይሎቹ ሁሉ የተጻፉበት ቀን አንድ ነው፤ ጥር ሁለት። የኑዛዜው ፋይል ብቻ ትናንት፣ በሃያኛው ቀን፣ አስራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ይላል።

«እዚያ ክፍል ቀኑ ሁሌ ጥር ሁለት ነው» አለ ስልክ መላሹ። «ማሽኑ ውስጥ ደንበኞች የላኩልን አርባ ሦስት ቫይረሶች በሕይወት አሉ፤ መድኃኒቱ የሚሞከረው በነሱ ነው። የተወሰነ ቀን ሲደርስ የሚነቁ ስላሉ ሐኪሙ ማሽኑን እውነተኛ ቀን አሳይቶት አያውቅም። እህቱም ስታግዘው በገዛ እጇ ጥር ሁለትን ትጽፍለት ነበር።»

«የማሽኑ ሰዓት አሁን ስንት ይላል?»

ሰውየው ከቫይረስ ንጹሕ የሆነ ማስነሻ ዲስኬት ይዞ ገባ፣ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። «በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፣ እሜቴ። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም።»

ሻጩ የገባው ሽቶው ቀድሞት ነው። መርማሪዋ ከሻጋታውና ከሽቶው የቱ እንደሚብስ ለመወሰን ተቸገረች።

«ዋርሳዬ ሆድ የባሰው ሰው ነበር» አለ። «ምን ይደረጋል፤ ሆድ ይፍጀው። እኔ ከአስራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ማተሚያ ቤት ነበርኩ፤ አስር ሰው ይመሰክርልኛል። ፋይሉ የተጻፈው አስራ ሁለት ከሃያ ነው።»

«የት ነበሩ ብዬ አልጠየቅኩዎትም።»

«ልድከምልዎት ብዬ ነው። አሁን ዲስኬቱ ቢላክ ጥሩ ነው። የሟች ቃል ነው። ደንበኛም ጥፋተኛው እንደሞተ ሲያውቅ ልቡ ያርፋል።»

መርማሪዋ ወደ እቃ ማጠቢያው ሄደች። አሥራ አንድ ኩባያዎች ተደርድረዋል፤ በዘጠኙ ውስጥ አረንጓዴ ጸጉር በቅሏል። ሁለቱ ታጥበው ተደፍተዋል። ያን ቀን ካየችው ሁሉ በጣም ያቅለሸለሻት ይህ ንጽሕና ነበር።

ከዚያ የሐኪሙን መሳቢያ ከፈተች። የክሊኒኳ ደብዳቤና የ«መጥረጊያ» ማስታወቂያ በመርፌ ቁልፍ ተያይዘው ተቀምጠዋል። ይዛቸው ወጣችና ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች ቆማ። «በዚህ ቤት ኩባያ የሚያጥብ ሰው እንደሌለ አፍንጫዬ ነግሮኛል። ትናንት ግን ሁለት ታጥበዋል። ራሱን በሻይ የገደለ ሰው ተነሥቶ ኩባያውን አያጥብም፤ ሁለተኛ ኩባያም አያስፈልገውም። አብሮት የጠጣ ሰው ነበር። ደግሞ ዝርዝሩን እዩ። ሐኪሙ ስህተት የጠቆመውን ሰው ሳያመሰግን መስመር አይዘጋም። ትሉን የጠቆመችው የክሊኒኳ መዝገብ ያዥ ምስጋናዋ የታለ? ሰባተኛውን መስመር የጻፈው ሌላ ነው።»

ወደ ሻጩ ዞረች። «አንድ ነገር ላስቸግርዎት። በዚያ ማሽን ውስጥ ስንት ቫይረስ አለ ይላሉ?»

ሻጩ ፈገግ አለ። «አንድም። የሐኪም ቤት አይደል እንዴ? ‹መጥረጊያ ባለበት ትል አይገባም›፤ ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ስልክ መላሹ መነጽሩን መጥረጉን ተወ።

«አርባ ሦስት አለ» አለች መርማሪዋ። «እህቱና ስልክ መላሹ ያውቃሉ። ለዚህ ነው ማሽኑ ጥር ሁለት ላይ የሚቆመው። ገዳዩ ግን ሰዓቱ የተበላሸ መሰለው። ሃያኛው ቀን ብሎ አስተካከለው፤ ሰዓቱንም በሁለት ሰዓት ተኩል ወደፊት ገፋው። ስለዚህ አስራ ሁለት ከሃያ የሚለው ኑዛዜ የተጻፈው አሥር ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ስልክ መላሹ ደንበኛ ቤት ነበሩ። አስራ ሁለት ከሃያ ላይ አስር ምስክር ያለዎት እርስዎ ደግሞ ማተሚያ ቤት የደረሱት በአስራ አንድ ነው። ከወጡ በኋላ ቀኑን ያየው ትል ነቃ። የራስዎን ማስታወቂያ ባያምኑ ኖሮ ቀኑን አይነኩትም ነበር።»

«ዋርሳዬን ለምን እገድላለሁ?» አለ ሻጩ።

መርማሪዋ የተያያዙትን ወረቀቶች አነሣች። «ፕሮግራሙን ሰው በነጻ ይቀዳል፤ የሚከፍለው ሲፈራ ብቻ ነው። ይህ ‹የትሉ መድኃኒት በእጃችን ነው› የሚል ማስታወቂያ የታተመው ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ትሉ መኖሩን ለዓለም የነገረችው የክሊኒኳ ደብዳቤ የተጻፈችው በዚያው ወር በሃያ አንደኛው ቀን ነው። ገና ማንም ያላየውን በሽታ መድኃኒት ማን ያስተዋውቃል? ትሉን ያስጻፈውና የለቀቀው ሰው። ሐኪሙ ይህን ደርሶበት በአዲሱ እትም ሊያወጣው ነበር።»

አሁን አንቱታውን ተወችው።

«ሁለተኛው ወንበር እስካሁን አጠገቡ ነው። እሱ እያጣጣረ አንተ ጎኑ ተቀምጠህ ኪቦርዱን ወደራስህ ሳብክ፣ ኑዛዜውን ጻፍክ። ስትጨርስ ዲስኬቱን ሚስትህ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥክ፣ ኩባያ አጠብክ። ብዙ ገዳይ አይቻለሁ፤ እንዳንተ ያቅለሸለሸኝ የለም።»

ሻጩ ወደ ሚስቱ ዞረ። «የኔ እናት፣ አንቺ እንኳ ንገሪያት።»

«ምን ልንገራት?» አለች ቀጂዋ። «ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ ወንድሜ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን ገብተህ አልጠየቅክም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። የኔው ራሱ ጅብ ሆነና አረፈው።»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ እጁን ይዞ አወጣው። ሽቶው ግን ክፍሉ ውስጥ ቀረ፤ መርማሪዋ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ቀጂዋ አርባዎቹን ዲስኬቶች አንድ በአንድ ደመሰሰቻቸው። ከዚያ የራሷ ማሽን ላይ ተቀምጣ ሰባተኛውን መስመር አጠፋችና በቦታው ቀስ ብላ ጻፈች።

«ትሉ የወጣው ከዚህ ቤት ነው። ጥፋቱ የኛ ነው። ያሳወቁን የማዋለጃ ክሊኒኳ መዝገብ ያዥና ሐኪሙ ናቸው። እናመሰግናለን።»

«እንዲህ ከተላከ ነገ ደንበኛ አይኖረንም እኮ» አለ ስልክ መላሹ።

«አይኑረን» አለች፤ የመጀመሪያውንም ዲስኬት አስገባች። «ሦስት መቶ ነው፤ እስከ ቀትር እንድረስ። አንተ ፖስታውን አሽግልኝ።»