አሥሩም ተሰማኝ

«አሁንስ?»

«ተሰማኝ።»

ሳሌም ክሩን ከአባቷ ተረከዝ ወደ አውራ ጣቱ አዛወረች።

«አሁንስ?»

«ተሰማኝ።»

«አሁንስ?» አለች፤ ወዲያው ግን ማዛጋት ያዛት። አፏን ልትሸፍን እጇን መለሰች፤ ክሩም አብሮ ተመለሰ።

«ተሰማኝ» አለ አባቷ።

ሳሌም አፏን እንደከፈተች ቀረች። ክሩ ያለው አገጯ አጠገብ ነው። አባቷ ወልደ ሥላሴ ዐይኑን በፎጣ ሸፍኖ፣ እግሮቹን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። የምሳ ሰዓት አልፎ ሆቴላቸው ባዶ ሆኗል፤ ወጥ ቤት ውስጥ የቀረው የድስት ክምር ብቻ ነው። እሱንም የምታጥበው እሷው ናት።

ክሩን የሰጠቻት ሲስተር ቆቲሌ ናት፤ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ የስኳር ሕመምተኞችን ቤት ለቤት እየዞረች የምትጎበኝ ነርስ። ክሩ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ጠንከር ያለ ናይለን ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በእያንዳንዱ እግር ላይ አሥር ቦታ፣ ክሩ እስኪጎብጥ ድረስ ይነካል። ሕመምተኛው ዐይኑን ሸፍኖ የተሰማውን ይናገራል። ከዚያ ፎርሙ ላይ ራይት ወይም ኤክስ ይደረጋል። ኤክስ ካለ እግሩ ስሜቱን እያጣ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ እግር ጠጠር ቢወጋውም አስፋልት ቢያቃጥለውም ዝም ይላል። ሰውየው የሚያውቀው ቁስሉ ከመረቀዘ በኋላ ነው። «ቁስሉ ሳይመጣ እንወቅበት» ብላ ነበር ቆቲሌ። ሳይቃጠል በቅጠል መሆኑ ነው።

ያን ቀን ሌላም ነገር ነግራታለች። «አንዳንዴ ሳትነኪው ‹አሁንስ?› በይው።» ሳሌም ግን ይህን አንድም ቀን አላደረገችውም። አባትን ማታለል ነዋ! እሷ ባደገችበት ቤት አባት ልጁን ይፈትናል እንጂ ልጅ አባቱን አይፈትንም። ዛሬም ብትሆን አስባበት አልነበረም፤ እንቅልፏ ነው የፈተነው።

እውነቱ ከተነገረ ከዚህ የባሰም ጥፋት አለባት። እናቷ ለቀዶ ሕክምና ሐዋሳ ከሄደች ሁለት ወር አልፏል። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ሆቴል፣ ከዚያ ደግሞ ለዘጠነኛ ክፍል ፈተና ጥናት። ደክሟታል፤ ተኝታ ስትነሳ እንኳ ደክሟት ነው የምትነሳው። ስለዚህ ከስምንቱ ሳምንት አምስቱን፣ ክሩን ከመሳቢያው ሳታወጣ ነው ፎርሙን የሞላችው። አሥር ራይት ለቀኙ፣ አሥር ራይት ለግራው። ሁልጊዜ ተሰማኝ የሚል ሰው ምን ይሞከራል ብላ። ዛሬ ያወጣችውም ቆቲሌ በአሥር ሰዓት ፎርሙን ልትወስድ ስለምትመጣ ነው።

«አባዬ፣ አሁን እኮ አልነካሁህም።»

ወልደ ሥላሴ ፎጣውን አነሳ። ሊስቅ ሞከረና ተወው።

«አንቺ ‹አሁንስ› ስትዪ እኔ ‹ተሰማኝ› እላለሁ» አለ። «ቶሎ እንድትጨርሺ ብዬ ነው። ደክሞሽ የለ?»

«እና ምንም አይሰማህም?»

«አንዳንዱ ይሰማኛል።» ዐይኑን ወደ መንገዱ አዞረ። «ሐሙስ ይለፍልኝና ለሲስተር እኔው እነግራታለሁ።»

ሐሙስ የማርያም ንግሥ ነው። ወልደ ሥላሴ ሚስቱ ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ብትወጣ ከቤቱ ተነሥቶ፣ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ኢትዮጵያ በኩል እስካለው ቤተ ክርስቲያን ባዶ እግሩን ሊሄድ ተስሏል። ሚስቱ በሰላም ወጣች። ስለቱን የሰማችው ቆቲሌ ደግሞ «ፎርሙ ላይ አንድ ኤክስ ካለ በባዶ እግር የሚባል ነገር የለም፤ ቀጥታ ወደ ሶሎሎ ሆስፒታል ነው የምልክዎት» ብላው ነበር።

«ሐሙስ እኮ አስፋልቱ ይፈላል!» አለች ሳሌም።

«ስለት ነው ልጄ። ማርያምን ልዋሻት?»

ሳሌም ተናደደች። እኔንስ ስትዋሸኝ ልትለው ፈለገች፤ ግን የራሷ አምስት ሳምንት ታወሳትና ድስቶቹ ዘንድ ሄደች።

ድስት እያጠበች ለጓደኛዋ ለፈርሂያ ደወለችና ሁሉንም ነገረቻት።

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ!» አለች ፈርሂያ። «ሲስተር ራሷ አትሞክረውም?»

«የምትሄደው በፎርሙ ነው። ራይት ብቻ ካየች ስጋት የለበትም ብላ ትመዘግብና ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች።»

«ታዲያ ስጪያታ። ካወራሽ አንቺም አለሽበት። ሼም ነው ወላሂ።»

ሼም መሆኑን ማን አጣው። ድስቱን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ቆቲሌ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ከቦዳ ሞተር ሳይክል ላይ ወረደች፤ አቧራ ለብሳለች፤ እሷም የደከማት ትመስላለች። «ፖሌ ባባ ሳሌም፣ ይቅርታ ዘገየሁ። ገና አራት ቤት ይቀረኛል» አለችና ቆማ ፎርሙን ገለጠች። «ሳዋ፣ ጥሩ ነው! አሥር አሥር፣ ስምንት ሳምንት ሙሉ። ጎበዝ ልጅ ናት ያለችዎት።»

ልትመዘግብ ስልኳን አወጣች። ወልደ ሥላሴ ልጁን አያት። በቁጣ ቢሆን ሳሌም ትችለው ነበር፤ እሱ ግን ይለምናት ነበር። አባቷ ሲለምናት አይታ አታውቅም።

«ሲስተር፣ እንዳትመዘግቢው» አለች።

«ለምን?»

«አምስቱን ሳምንት ሳልሞክር ነው የሞላሁት። ውሸት ነው።» ፊቷ ጋለ። ቆቲሌ ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች፤ እሷ ግን ስልኩን ኪሷ መለሰች።

«ሦስቱስ?»

ሳሌም አንገቷን ደፋች። ይህን መናገር ያለበት እሷ ሳትሆን አባቷ ነው። ውጭ አንድ ከባድ መኪና እያጓራ አለፈ።

«ሦስቱ የኔ ነው» አለ ወልደ ሥላሴ ቀስ ብሎ። «ልጅቷ ነክታኛለች። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ቆቲሌ ስለ ስለቱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ወንበሩን አመለከተችው። ወልደ ሥላሴ ጫማውን አወለቀ፤ ፎጣውንም ማንም ሳያዘው ራሱ ዐይኑ ላይ አሰረ።

«እኔ ምንም አልጠይቅዎትም» አለችው። «ሲሰማዎት ብቻ ይንገሩኝ።»

በርከክ ብላ ጀመረች። ሳሌም በሆዷ ቆጠረች። አውራ ጣቱ፣ አንድ፤ ክሩ ጎበጠ። መሀል ጣቱ፣ ሁለት። የትንሽ ጣቱ ሥር፣ ሦስት። አባቷ ትንፋሹን ውጦ፣ ከሩቅ የሚጠራውን ሰው እንደሚያዳምጥ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። አራት። አምስት። ስድስት። ክሩ በነካው ቁጥር ይጎብጣል፤ አባቷ ዝም ይላል።

በሰባተኛው ላይ ተንቀሳቀሰ።

«ሲስተር» አለ፣ «አልጀመርሽም እንዴ?»

ቆቲሌ ቀና ብላ ሳሌምን አየቻት። ሳሌም ወንበር ስባ አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና እጁን ያዘችው።

«ጀምራለች፣ አባዬ» አለችው።