ሦስተኛው ክብ አረንጓዴ ሲሆን

የመሐንዲሱ አስከሬን የተገኘው በቢሮው ጓሮ፣ ወደ ጣሪያው በሚያወጣው የብረት ደረጃ አጠገብ ነበር። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ አንድ እጁ ወደ ጓሮው በር ተዘርግቷል። ነፋሱ ቆርቆሮውን እያንኳኳ፣ በሩን ከፈት ዘጋ እያደረገ ለቆመው ሁሉ ፋታ ነስቷል።

«ተንሸራቶ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ምሳ ሲበሉ በሕይወት ነበር ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ሲፈልጉት ሞቶ አገኙት።»

«በሕይወት እንደነበር በምን አወቁ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ስክሪን ላይ አይተው።»

«እሱን?»

«ሥራውን።»

ባልደረቦቿ በሌለችበት «እረፍት የለሽ» ይሏታል፤ ወንበር ላይ ተደላድላ ያያት የለም። አሁንም አስከሬኑን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ከደረጃው ሥር አንድ የደም ጠብታ ደርቆ ጠቁሯል። ጭንቅላቱ ያለው ግን ከዚያ ራቅ ብሎ ነው። የሱሪው ጉልበቶች በአቧራ ተለውሰዋል።

«ከሞተ ብዙ ሆነው፣ ዶክተር?»

«አልቆየም፤ ምሳ ሰዓት አካባቢ ነው። የቀረውን መርምሬ እደውልልሻለሁ።»

በሥራ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የሟቹ ላፕቶፕ ተከፍቶ ይጮኻል፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው። አጠገቡ የቆመችው ፕሮግራመር ዓይኗ አብጧል። ድርጅቱ የእሷ፣ የሟቹና የሸሪኩ ብቻ ነበር፤ የሟቹ ታላቅ እህት ደግሞ ቢሮውን ታስተዳድራለች።

«ይሄ ምን እየሠራ ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የነገ ማሳያችን ነው። ለክሊኒኮች የሕሙማን መዝገብ የሚይዝ ሥርዓት ሠርተናል። ብዙ ኮምፒውተር ላይ ተከፋፍሎ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌሎቹ ሥራውን ያነሱለታል። ክላስተር እንለዋለን።»

«እኔ የማየው አንድ ኮምፒውተር ነው።»

«ውስጡ ሦስት አሉ። ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሆነ ይመስለዋል። አንዱ መሪ ነው፣ ሁለቱ ሠራተኞች። ፕሮግራሞቹ በኮንቴይነር ታሽገው ይከፋፈሏቸዋል። ጠዋት ስወጣ መሪውና አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበሩ። ሦስተኛው ምሳ ላይ ገባ፤ ከዚህ ላፕቶፕ ጋር በተገናኘው የታችኛው ስብሰባ ክፍል ስክሪን ላይ ለየማሽኑ አንድ ክብ አለች፤ የሦስተኛው ክብ አረንጓዴ ስትሆን ሁላችንም አየን።»

«እሱ እዚህ ቁጭ ብሎ ያስገባው ነበር ማለት ነው?»

ልጅቷ አመነታች። «እንደዚያ ነበር የመሰለን። ግን ሁለቱ ያዘጋጁት ፋይል አለ። አንዴ ትእዛዝ ከሰጡት ማሽኑን ራሱ ፈጥሮ፣ ራሱ ጭኖ ያስገባዋል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሰው አይፈልግም።»

«ሁለቱ እነማን?»

«እሱና ሸሪኩ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ሦስት ጥቁር መስኮቶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ጥግ ሰዓት አለ። የእጅ ሰዓቷን አየች፣ ስክሪኑን አየች። ከዚያ ዞር ብላ «የዚህ ቻርጀር የታለ?» አለች።

ልጅቷ ፈልጋ አጣችው።

እህትየው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ነጠላዋን እየጠቀለለች ትፈታለች።

«ምሳ ላይ ከጠረጴዛው ተነስተው ነበር ይባላል፣ እትዬ።»

«ከልጄ ትምህርት ቤት ተደውሎልኝ ወጥቼ አነጋገርኩ። ጠዋትም እዚያው ስብሰባ ነበርኩ። እናታችን ስትታመም አልጠየቃትም ብዬ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፌው ነበር። ዛሬ ልታረቀው ነበር የመጣሁት። አንቺ ግን ‹እህቱ ገፋችው› ብለሽ ታስቢያለሽ።»

«እኔ ገና ምንም አላሰብኩም። ስብሰባ ክፍል ያለውን ስክሪን ማን ከፈተው?»

«እሱ ነዋ፣ ሸሪኩ። ‹እስቲ ወንድምሽ ምን ላይ እንደደረሰ እንየው› ብሎ።»

ሸሪኩ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ አፉ የማይቸገር ሰው ነበር። ከሟቹ ጋር ከልጅነት አብሮ አደግ ናቸው።

«ጠዋት እዚሁ ነበርኩ፣ ስብሰባ ክፍል ስልክ ላይ። ከዚያ አብረን ምሳ በላን። መጠርጠር ካለብዎ እኔ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። እትዬ ወጥታ ነበር፤ ልጅቷም እጄን ልታጠብ ብላ ወጥታለች። ማንንም ለመክሰስ አይደለም እንግዲህ።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ለምን እንጣላለን? እኔ ደንበኛ አናግራለሁ፣ እሱ ኮድ ይጽፋል። ነገ የሁለታችንም ቀን ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ለፖሊሶቹ ፎቁን ከማንም እንዲጠብቁ ነገረች፤ ከዚያ የብረት ደረጃውን ወጣች። ጣሪያው ላይ ከውሃ ታንከሩ ጎን በቆርቆሮ የተጠለለች ትንሽ ክፍል አለች። ውስጧ ጠረጴዛ፣ ቀዝቅዞ የተተወ ሻይ፣ ሶኬት ላይ የተሰካ ቻርጀርም ነበር።

ስትወርድ ስልኳ ጠራ። ዶክተሩ ነበር። ቆማ አዳመጠች፤ በዚያች ቅጽበት ብቻ እግሮቿ አልተንቀሳቀሱም።

ሦስቱንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፕሮግራመሯ ላፕቶፑን አምጥታ ቻርጀሩን ሰክታበታለች፤ ግድግዳው ላይ ሦስቱ አረንጓዴ ክቦች ይበራሉ። ኢንስፔክተሯ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እየተመላለሰች ጀመረች።

«መሐንዲሱ ጠዋት የሠራው ጣሪያ ላይ ነው፤ ሻይውም ቻርጀሩም እዚያ ነው። ላፕቶፑ ግን ታች ሥራ ክፍሉ ውስጥ ተገኘ። ማን አወረደው? ሰዓቶቹን ባላይ ኖሮ ራሱ ነው እል ነበር።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «የመሪው ማሽን ሰዓት ምን ይላል?»

«ወደኋላ ቀርቷል፤ ሰዓት ተኩል ያህል።»

«የመጀመሪያው ሠራተኛስ?»

«እሱም እኩል ቀርቷል።»

«ሦስተኛው?»

«ትክክል ነው።» የልጅቷ ፊት ተለወጠ። «ክዳኑ ተዘግቶ ነበር! ላፕቶፑ ሲዘጋ ውስጥ ያሉት አብረው ያንቀላፋሉ። ሲከፈት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ከኢንተርኔት ነጥለን ስለምንሞክር ሰዓታቸውን በእጅ ነው የምናስተካክለው።»

«መሐንዲሱ ይረሳ ነበር?»

«እሱ? ሰዓት ሳላስተካክል አዲስ ማሽን ካስገባሁ ይጮህብኝ ነበር።»

«እንግዲህ ላፕቶፑ ረፋዱ ላይ ተዘጋ፤ ሰዓት ተኩል ተዘግቶ ቆየ፤ ምሳ ሊቀርብ ሲል ተከፈተ። ሦስተኛው ማሽን የተወለደው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ሰዓቱ አልተዛባም። ለነገ ሥራ የሚጣደፍ ሰው ላፕቶፑን ለሰዓት ተኩል አይዘጋም። የዘጋው ሌላ ሰው ነው። ትእዛዙን ሰጥቶ ወርዶ ምሳ በላ፤ ስክሪኑን ከፈተ፤ ክቧ አረንጓዴ ስትሆን ምስክር አበዛ።»

ሸሪኩ ሳቅ አለ። «ሰዓት መክሰስ ጀመረ?»

«ረፋድ ላይ እትዬ ትምህርት ቤት ነበሩ። ልጅቷ ክሊኒኩ ውስጥ የማሳያውን ክፍል ስትለካ ነበር፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ቢሮው ውስጥ ሟቹና እርስዎ ብቻ ነበራችሁ። ፋይሉንም ከሟቹ ጋር ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት። ከወንበርዎ ንቅንቅ ያላሉት ለዚህ ነው፤ መታየት ነበረብዎት።»

«እና ለምን እገድለዋለሁ? ወንድሜ ማለት እኮ ነው!»

ፕሮግራመሯ ቀስ ብላ ተናገረች። «ትናንት መሪውን ማሽን ሆን ብለን ስናጠፋው የሕሙማኑ መዝገብ አብሮ ጠፋ። ‹ይህን ይዤ የሰው ሕይወት ላይ አልቀልድም፣ ማሳያው ይሰረዝ› አለኝ። ዛሬ ሊነግርህ ነበር።»

ሸሪኩ እንደገና ሊስቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። «ለስንት ሰው ቃል ገብቻለሁ መሰላችሁ! ላንድ ቀን ብቻ ይሥራልን፣ ከዚያ እናስተካክለዋለን አልኩት። እሺ አላለም፤ ላፕቶፑን ይዞ ለክሊኒኩ ሊደውል መውረድ ጀመረ። ቀማሁት። አልገፋሁትም፣ ስጎትተው ነው እግሩ የከዳው። ሞቶ ነበር፤ የሞተ ሰው ምን አደርግለታለሁ?»

«አልሞተም ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። መመላለሷን ገታች። «ዶክተሩ ከአንድ ሰዓት በላይ በሕይወት ነበር ብሎኛል። በጉልበቱ ወደ በሩ እየዳኸ ነበር። ሰው ቢጠራለት ይድን ነበር።»

እህትየው ተነስታ ሸሪኩ ፊት ቆመች። ስታሳድገው የኖረች ያህል ነበር የምታውቀው።

«ሲወድቅ የተናገረው ነገር አለ?»

እሱ በሩ ላይ ወደቆሙት ፖሊሶች ዞረ።

«አንተን ነው የምጠይቀው። ተናግሯል?»

«ስሜን ጠራ» አለ ሸሪኩ። «ሁለት ጊዜ።»

እህትየው አልጮኸችም፣ አልመታችውም። ወንበሩ አልታያት ብሎ በእጇ ስትፈልግ ፕሮግራመሯ ደግፋ አስቀመጠቻት። ፖሊሶቹ ሸሪኩን ይዘው ወጡ።

ልጅቷ ከእህትየው ትከሻ ላይ እጇን ሳታነሳ ስልኳን አውጥታ ክሊኒኩ ጋ ደወለች።

«ለነገው ማሳያ ነበር» አለች። «አንመጣም። አይ፣ በሐዘኑ ምክንያት ብቻ አይደለም። ሥርዓቱ መዝገብ ያጠፋል። መሐንዲሱ ሊነግራችሁ እየወረደ ነበር።»