ለምስሉ የበዛው ቃል

እኔ ጂን፣ ዛር፣ ምናምን ሲሉኝ የምስቅ ሰው ነኝ፣ አቦ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ማተሚያ ቤት ከፍቼ ስንት ዓመት ከኮምፒውተር ጋር ስጨቃጨቅ ኖሬ፣ ብልሽት ሁሉ ምክንያት አለው ባይ ነኝ፣ ይህን የምነግራችሁም ብቻዬን መሸከሙ ስለከበደኝ ነው።

ፋዱማ ከጎኔ ያለው ሱቅ ባለቤት ናት፣ አባቷ ሐጂ ዑስማን የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፣ አሁን መርሳት ይዟቸው ከቤት እየወጡ ይጠፋሉ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሙቀትና በጫት ጸጥ ባለበት ሰዓት መጣችና፣ "ወንድሜ፣ አቦዬ አንገት ላይ የማንጠለጥለው ኪውአር ኮድ ሥራልኝ፣ ያገኘው ሰው በስልኩ አንብቦ እንዲደውልልኝ" አለችኝ። እሺ ብዬ ሸኘኋት።

ስም፣ ሰፈርና ስልክ ጻፍኩ፣ ሦስት መስመር ብቻ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይበቃው ነበር፣ ፕሮግራሙ ግን የምስሉ መጠን ለጽሑፉ አይበቃም አለኝ። ጽሑፍ ሲበዛ ጥቁር ነጥቦቹ ይበዛሉ፣ ያኔ ምስሉን ማስፋት ነው፣ ግን ሦስት መስመር ምኑ ይበዛል? ሦስት ሳንቲ አደረግኩት፣ እምቢ። አራት፣ እምቢ። አጥፍቼ አበራሁት፣ እንደ አዲስ ጻፍኩ፣ እምቢ። በዚህ መሃል፣ እናቴ ትሙት፣ ከፕሪንተሩ ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ፣ ጎንበስ ብዬ ብዳስስ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ቤቱ ደግሞ ቧንቧ የሚባል ነገር የለውም።

አምስት ሳንቲ ላይ እሺ አለ። በስልኬ ሳነበው ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ፣ ከሥር ደግሞ እኔ ያልጻፍኩት አራተኛ መስመር፣ "ቢዮ"። ፕሮግራሙ ውስጥ ብፈልገው የለም፣ ስልኬ ላይ ግን አለ።

ወዲያው ፋዱማ ደወለች፣ እያለቀሰች። "አቦዬ የለም! በሩ ክፍት ነው!"

እኔስ ምን አልኩ? "ቢዮ አዋሌ ሂዱ!" አልኳ። አድራሻ ስጽፍ ስለቆየሁ ቃሉን ራሴው ጨረስኩት፣ እሷም ከየት ሰማህ ሳትል፣ ከወንድሞቿ ጋር በባጃጅ ወደ ገጠር፣ ወደ ቢዮ አዋሌ በረረች። ድሬ ተወልጄ አድጌ "ቢዮ" በሶማሊኛ ውሃ መሆኑን አጥቼው ነው? አላጣሁትም፣ ያን ሰዓት ግን አልመጣልኝም፣ አንድዬ ይቅር ይበለኝ።

እነሱ እዚያ ሲፈልጉ፣ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ደጋ የዘነበው ዝናብ በከተማው መሃል የሚያልፈውን ደረቁን የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ወረደ። ጎርፉ ሊደርስ ሲል አንድ ሽማግሌ በወንዙ አሸዋ ሲሻገሩ ያየ አለ፣ ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም።

ለፋዱማ ሁሉንም ነገርኳት፣ ምነው በሰደበችኝ ኖሮ። ይኸው በየቀኑ ሱቋን ዘግታ ትመጣለች፣ ወንበር ስባ ስክሪኑ ፊት ትቀመጥና፣ "ገና ያልገባ መስመር ቢኖርስ? እስቲ ወደ ስድስት አስፋው፣ ምናልባት አቦዬ የት እንዳለ ይናገራል" ትለኛለች።

ፕሮግራሙ ተበላሽቷል እያልኩ እዋሻታለሁ። ትናንት እሷ ከሄደች በኋላ ስድስት አደረግኩት፣ ሳያንገራግር ተቀበለኝ። ምስሉ አሁንም ስክሪኑ ላይ ነው፣ ስልኬን አንስቼ ላነበው ብል እጄ እምቢ አለኝ፣ እሷ ደግሞ ሱቋን ስትዘጋ ይሰማኛል።