ጥቁር ጋማ አይደበቅም

ውሻው በሩ ላይ ተዘርሯል። አፉ አረፋ ደፍቋል፤ አጠገቡ በከፊል የተበላ ሥጋ ወድቋል።

ሚሉዳ ከማክሰኞ ገበያ ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ቀጥሎ የባሩዳን ጩኸት ሰማች። ባዝራዋ ጥቁር ጋማዋን እያራገበች የጋጣውን ግድግዳ በኮቴዋ ትደበድባለች። ከጡቷ ወተት ይንጠባጠባል።

ውርንጭላዋ የለም።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የዱካላ አገር ወንዶች ሁሉ ሚሉዳ ባሩዳን እስክትሸጥ ይጠብቁ ነበር። አልሸጠችም። ይባስ ብላ የባሏን ፈረሰኞች ራሷ መምራት ጀመረች። በበዓል ቀን ከፊት ሆና ትጋልባለች፤ ጠመንጃዎቹ በአንድ ድምፅ የሚጮኹት በእሷ ትእዛዝ ነው።

የፖሊስ አዛዡ ሙፈዳል በግቢው ውስጥ የመኪና ጎማ ዱካ አገኘ።

«ጠላት አለሽ፣ ላላ ሚሉዳ?» አላት፤ «ላላ» በአገሩ «እመቤት» ማለት ነው።

«ወዳጄን ቢጠይቁኝ ቶሎ እንጨርስ ነበር።»

ዱካው ከባሏ ወንድም ከጊላሊ መኪና ጎማ ጋር ገጠመ። ጊላሊ ደግሞ «ሴት ፈረሰኛ አትመራም» እያለ በየሻይ ቤቱ ሲምል የኖረ ሰው ነው። በዚያው ቀን ተያዘ።

«ማክሰኞ የት ነበርክ?»

«ከተማ።»

«ምን ልትሠራ?»

ጊላሊ ጉንጩን በጣቱ ወጠር አድርጎ አሳየ። ድዱ ላይ ገና ያልጠገገ ጉድጓድ አለ። «ጥርስ ላስነቅል። ጩኸቴን ያልሰማ የከተማ ሰው ካለ ደንቆሮ ነው።»

ሐኪሙ ቃሉን አረጋገጠለት። ጎማውም ቢሆን ግማሹ አገር የሚነዳበት ዓይነት ነበር።

ጊላሊ ሲፈታ ወደ ሚሉዳ ዞረ። «ያልኩትን አልክድም። ግን ሌባ አይደለሁም።»

«አንዱን ነውርህን ቀነስን፤ ሌላው ይቀራል» አለችው።

ሳምንታት አለፉ። ከዚያ አንድ ወሬ መጣ፤ የሐጅ ቡሽዓይብ ቀይ ባዝራ፣ ሐምራ፣ አገር የሚያስቀና ውርንጭላ ከወለደች ሰንብታለች። ሐጁ የአካባቢው ባለጸጋ ነው። ባሩዳን ለመግዛት ሦስቴ ጠይቆ ሦስቴ አፍሮ ተመልሷል።

ሚሉዳ ሳትጠራ ሄደች። ውርንጭላው ቀይ ነው። ጋማውና ጭራው «ወፍራም ሆኖ እንዲበቅል» ተብሎ ተላጭቷል። ሆኖም ሲራመድ፣ ልክ እንደጠፋባት ውርንጭላ፣ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር ያደርጋል።

«የኔ ነው!»

ሙፈዳል ባሩዳን አስመጣ። «እናቱን ይምረጥ» አለ። ሰው ግቢውን ሞላ። ውርንጭላው አንድ ጊዜ ቆም አለ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄዶ የሐምራን ጡት ያዘ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ላላ፣ ውርንጭላ ትተሽ ባል ፈልጊ!» አለ አንዱ።

የሚሉዳ ፊት ጋለ። ግን አንገቷን አልደፋችም። «ወተት አስለምዳችሁታል፤ ደሙን ግን አትለውጡትም! በየቀኑ በዚህ አጥር አልፋለሁ። ሐጅ ይሰለቹ ይሆናል፤ እኔ አልሰለችም።»

እንዳለችውም በየቀኑ አለፈች። ልጆች ጠጠር ወረወሩባት፤ አለፈች። ሽማግሌዎች «ተይው» አሏት፤ አለፈች።

ክረምቱ አልፎ ውርንጭላው የልጅነት ጠጉሩን ማርገፍ ጀመረ። አንድ ቀን ሚሉዳ አጥሩ አጠገብ የፈረሷን ልጓም ሳበች። ከቀዩ ጠጉር ሥር፣ ከጉልበቱ በታች፣ እግሮቹ ጠቁረዋል። የተላጨው ጋማም እንደ ከሰል ጠቁሮ በቅሏል። ልክ እንደ ባሩዳ።

ፈረሷን አዙራ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወደ ዶክተር ቡታይና ጋለበች። ዶክተሯ የነገረቻትን ይዛም ሙፈዳል ዘንድ ሄደች።

ሙፈዳል ሐጁን በሰው ፊት ጠየቀው። ዶክተሯና ሚሉዳ ከጎኑ ቆመዋል።

«አባቱ የትኛው ድንጉላ ነው?»

«የኔው ቀዩ ነዋ!»

«የጎረቤት ድንጉላ አጥር ዘሎ ይሆን?»

«ምን አልክ?» ሐጁ ተቆጣ። «ሌላ ፈረስ ሐምራን ነክቷት አያውቅም! ዘሯ ከጥንት ጀምሮ ቀይ ከቀይ ነው።»

«ይምሉበታል?»

«እምላለሁ!»

ሙፈዳል ወደ ዶክተሯ ዞረ። «ቀጥዪ።»

«ማንኛውም ፈረስ ለጠጉሩ ቀለም ሁለት ትእዛዝ ይወርሳል» አለች ዶክተር ቡታይና። «አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። ለዘር የሚሆኑት ሕዋሶች ሲከፈሉ ጥንዱ ይለያያል፤ እያንዳንዷ እንቁላል፣ እያንዳንዱ የአባት ዘር አንዱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱ እንኳ የጥቁር ትእዛዝ ከሆነ ጥቁሩ ጋማው ላይ ይወጣል። ጋማው ሳይቀር ቀይ የሚሆነው ሁለቱም የቀይ ሲሆኑ ነው።»

«ታዲያስ?» አለ ሐጁ።

«ሐምራ ጋማዋም ቀይ ነው። ድንጉላዎም እንዲሁ። ሁለቱም ለልጃቸው የሚሰጡት ጥቁር የላቸውም። ይህን ጋማ ከየት አመጡት?»

ሐጁ ግንባሩን ጠረገ። «ከ... ከአያቱ! አያቱ ጥቁር ጋማ ነበረው።»

«ከጥንት ጀምሮ ቀይ ነው ብለው አሁን አልማሉም?» አለች ሚሉዳ።

«ቢኖረውም አይረዳዎትም» አለች ዶክተሯ። «ቀይ ትውልድ ተሻግሮ ተደብቆ ሊመጣ ይችላል። ጥቁር ግን አይደበቅም።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

ከውርንጭላው፣ ከባሩዳና ከሐምራ ጠጉር ከነሥሩ ተነቅሎ ለምርመራ ተላከ። መልሱ አንድ ነበር፤ እናቱ ባሩዳ ናት። ሙፈዳል ወረቀቱን ለሐጁ አነበበለት።

«የሐምራ ልጅ ሞቶ ተወለደ» አለ ሐጁ። «ለአገሩ ሁሉ ፎክሬ ነበር። ውሻውን መርዤ ውርንጭላውን በመኪና የወሰድኩት እኔው ነኝ።» ከዚያ ድምፁ ሻከረ። «አንዲት ሴት ከፊቴ ስትጋልብ፣ ዓመት በዓመት አቧራዋን ስቅም... እንዴት ልቻል?»

ከፍርዱ በፊት የሐጁ ልጆች ከሽማግሌዎች ጋር በግ ይዘው ደጇ ላይ ቆሙ። በአገሩ ልማድ በደጅ ለምኖ በግ የሚያርድን ማንም አይመልሰውም።

«ውርንጭላሽን አግኝተሻል» አሏት ትልቁ ሽማግሌ። «ይቅር በይ፣ ልጄ። ሰው ምን ይላል?»

«ያኔም ብሏል፤ ሰምቻለሁ። የተሳቀብኝ በአደባባይ ነው፤ የሚፈረደውም በአደባባይ ይሁን። ቢላዋውን መልሱት።»

በጉ በእግሩ ተመለሰ።

ሚሉዳ ባሩዳን ጭና ወደ ልምምድ ሜዳው ወጣች። ፈረሰኞቹ ተሰልፈው ይጠብቋታል። ከዳር ጊላሊ በራሱ ፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ ጠመንጃውን ይዟል፤ ዓይኑን ግን መሬት ላይ ተክሏል።

«የኔ ቦታ የት ነው?» አለ።

«ከኋላዬ» አለችው፤ ፈረሷንም ኮለኮለች።