የሃያ አንደኛው ሰው ኮቴ

ሰው በሌለበት ቤት ኮቴ ሲሰማ ቀድሞ የሚፈረጥጠው ወንድ ነው። ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ በቀትር፣ አራት ጎረምሶች ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው አሽቀንጥረው ደረጃዬን እየተገፋፉ ወጡ። አንደኛው በአንድ እግሩ ጫማ የለውም።

«ምን ሆናችኋል? እሳት ተነሣ?»

«እማማ፣ ሰው አለ!»

«የት?»

«ጌሙ ውስጥ! ማንም የሌለበት ቤት ውስጥ ይራመዳል!»

«ታዲያ ለመራመድ እናንተን ያስፈቅድ?» አልኳቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁልኝ ነበር። ያን ቀን ግን አንዳቸውም ጥርሳቸውን አላሳዩም፤ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የቤቴን ምድር ቤት ለጌም ሠሪዎች አከራይቻለሁ። ጌም ማለት ጎልማሶች ደሞዝ እየተከፈላቸው የሚሠሩት የልጅ ጨዋታ ነው። የእነሱ ደግሞ የተኩስ ነው። አሥር ሰው ከአሥር ሰው፣ ሁሉም በየቤቱ ተቀምጦ፣ ነዋሪው ጥሎት በሄደ አንድ ከተማ ውስጥ እየተሳደደ ይገዳደላል። ያኔ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ኮንሶል የሚሉት አዲስ የጌም ማጫወቻ ገበያ ላይ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። የእነሱም ጌም አብሮት በዚያው ዕለት እንዲወጣ ነው ያ ሁሉ መከራ።

የልጅ ልጄ እዚያው ትሠራለች። ወላጆቿ ካለፉ ወዲህ አብራኝ ነው የምትኖረው፤ ደረጃውን ስትወርድ ሥራ ገባች፣ ስትወጣ ቤቷ ገባች። የጌሙን ድምፅ የምትሠራው እሷ ናት፤ ከሁሉም በላይ የእግር ኮቴ። በዚህ ጨዋታ ዓይን ብቻውን አያድንም። ጠላት በግድግዳ ጀርባ ሲመጣ የሚታወቀው በኮቴው ነው። ስለዚህ ልጅት በጠጠር፣ በእንጨት፣ በእርጥብ መሬት ላይ እየረገጠች በማይክ ትቀዳለች። ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ኮቴ» ይሏታል።

ሌላው ደግሞ የጌሙን ከተማ የሚሠራው ነው። ቤቱን፣ ደረጃውን፣ የተሰበረውን መስኮት ሳይቀር በኮምፒውተር የሚያቆም። «ግንበኛው» ነው ስሙ። በዕድሜው አንዲት ጡብ ያላነሣ ግንበኛ! መዳፉ ከእኔ ጉንጭ ይለሰልሳል።

የተገናኙት በኋላ በር በኩል ባለው መተላለፊያ ነው። እሷ ዓይኗን ጨፍና ጠጠር በሞላበት ሣጥን ውስጥ ትራመዳለች። እሱ ሥራ የጀመረበት ቀን ነው፤ ወንበር ተሸክሞ ሲገባ በሩን በወንበሩ እግር ደለቀው።

«ውይ! አበላሸኸው!»

«ምኑን?»

«እግሬን እየቀዳሁ ነበር።»

«እግር ይቀዳል እንዴ?»

«እንዳንተ ያለ ቤት አፍራሽ ካልመጣ፣ አዎ።»

ወንበሩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ከዚያ መሄድ ሲገባው ቆመ። እሷም ዓይኗን መልሳ መጨፈን ሲገባት አየችው። እኔ ልብስ ላሰጣ ስወርድ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ወንድና ሴት ሳይተዋወቁ ዝም ብለው ከተያዩ ነገሩ አልቋል፤ የቀረው ወሬ ነው።

«ካበላሸሁት የእኔን እግር ቅጂበት» አላት።

«ጫማህን አውልቅ።»

አወለቀ። የካልሲው ጫፍ ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቶ ይታያል። የልጅ ልጄ አይታ እንዳላየ ሆነች። ልቧ መሄዱን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ያልወደደችው ሰው ቢሆን ሰፈሩ እስኪሰማ ትስቅበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ምሳ አብረው፣ ሻይ አብረው ሆነ። አንድ ቀን ደረጃው ሥር ጠበቀኝና፣ «እማማ፣ ጌሙ ይውጣ እንጂ አንድ ነገር የምነግርዎት አለ» አለኝ።

«ነገርህን ፊትህ ቀድሞህ ነግሮኛል። ጌሙን ቶሎ አውጣ» አልኩት። እስከ ጆሮው ቀላ።

አዲሱ ኮንሶል በካርቶን ታሽጎ መጣ። ጌሙን ጫኑበት። ጎረምሶቹ ሥራቸው እየተጫወቱ ጉድለት መፈለግ ነበርና ገብተው መተኮስ ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ኮቴው የተሰማው።

በከተማው ዳር አንድ ግራጫ ቤት አለ። መሣሪያ የለበትም፣ ማምለጫ የለበትም፤ ተጫዋች ምን ብሎ ይገባበታል? ኮቴው የሚመጣው ከዚያ ነው። ሃያው ሰው ሁሉ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ቢቆጥሩት ቢቆጥሩት ሃያ ነው። ያኛው ግን ቀስ እያለ ይራመዳል። ጎረምሶቹ ጠላት መጣ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሲያዞሩ እውነተኛው ጠላት ከኋላ ይጨርሳቸዋል። ስም አወጡለት፦ ሃያ አንደኛው ሰው።

አለቃቸው አጭር፣ ላብ የማይለየው ሰው ነው። «ግንበኛ፣ ቤቱ ያንተ ነው» አለው ሁሉም በተሰበሰበበት። «ይኼን ነገር ካላገኘኸው ከተማህን በሙሉ ከጌሙ አወጣዋለሁ። በሌለ ሰው ኮቴ እየተታለሉ የሚሞቱበትን ጨዋታ ማን ይገዛል?»

ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋበት ከተማ ነው። ግንበኛው በመጀመሪያ የሄደው ወደ እሷ ነበር።

«ያንቺ ድምፅ ይሆን እንዴ?»

«የእኔ አይደለም» አለችው።

አመናት። የእሷን ሥራ ሳይነካ የራሱን መናድ ጀመረ። ግድግዳ እያነሣ፣ ወለል እየፈታ፣ ጣሪያ እየገለበጠ ፈለገ። ኮቴው ግን ግድግዳ በሌለበትም ይራመዳል። ልጁ ከሳ። ሰው ሲጠራው ዘግይቶ የሚዞር ሆነ።

አንድ ቀን፣ ዝናብ ጥሎ ሰማዩ አመድ በመሰለበት ከሰዓት፣ ሌሎቹ ምሳ ወጥተው ሳለ ወረድኩ። ያን ቀን የሸሸው ጎረምሳ ደረጃዬ ላይ ጥሎት የሄደውን ጫማ ይዤ ነበር። ግንበኛው ብቻውን ነው። ድምፁን በትልቁ ማጉያ ለቆት ያዳምጣል። ቴሌቪዥኑ ላይ ባዶ መተላለፊያ፣ ዳር ዳሩን አቧራ፣ ከጥግ አንድ የተከፈተ በር።

ኳ... ሸርርር። ኳ... ሸርርር።

አንዱ እግር ይረግጣል፣ ሁለተኛው ይጎተታል። ድምፁ ከሩቅ መጣ። ቀረበ። በአጠገቤ ሲያልፍ አንገቴን ብርድ ዳበሰኝ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ፦ «እህ።»

«እግርህን ጥረግ!» የሚል ከአፌ አመለጠ።

ግንበኛው ክው ብሎ ዞረ። «ለማን ነው፣ እማማ?»

«ለማንም። አርጅቻለሁ» አልኩና ጫማውን እንደያዝኩ ወጣሁ።

ልጄ የመብራት ሠራተኛ ነበር። ከእንጨት ምሰሶ ወድቆ ግራ እግሩ እንደተጎተተ ቀረ። ያኔ በሕመም ካለፈ ዓመት አልሞላውም ነበር። እናት የልጇን ኮቴ ለማወቅ ማዳመጫ አያስፈልጋትም።

የልጅ ልጄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«አባትሽን ጌም ውስጥ ምን አስገባው?»

ፊቷ ወረቀት መሰለ። መጀመሪያ ልትክድ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው።

«ከመታመሙ በፊት ሥራዬን ሊያግዘኝ ብሎ ተራምዶልኝ ነበር፣ እምዬ። ድምፁን ብቻውን ስከፍተው ድምፅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ማንም የማይገባበት ቤት ውስጥ ሳስቀምጠው ግን... መተላለፊያ አለው፣ በር አለው። እኔ ጥጉ ላይ ቆሜ ስጠብቀው ወደ እኔ ይመጣል።»

«በየቀኑ ትሄጂ ነበር?»

«ከሥራ ስወጣ። በድሮው ኮንሶል ድምፁ ከቤቱ ግድግዳ አያልፍም ነበር። አዲሱ ግን ድምፅን እንደ እውነተኛው ዓለም በግድግዳ አሻግሮ የሚያሰማ ነው። ወጣብኝ፣ እምዬ። ከቤቱ ወጣብኝ።»

«ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት እኮ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እሱን አልቀዳሁትም።»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ ነው የምልሽ።»

«ሲያስል ማይኩን እዘጋው ነበር። የለም፣ እምዬ። እዚያ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ የለም።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። እውነቱን ልናገር፣ ዛሬም መልስ የለኝም። አልፈለግሁትምም።

ወደ ተያዘው ነገር ተመለስኩ። «አባትሽ በሕይወቱ ዶሮ አላስፈራራም። አንቺ ግን ሞቶ ጎረምሳ ማባረሪያ አደረግሽው። ያ ልጅ ደግሞ አንቺን አምኖ የገዛ ቤቱን እየናደ ነው። ዛሬውኑ ንገሪው። ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ፤ እኔ ስናገር ደግሞ እንደማላሳምር ታውቂያለሽ።»

«ቢጠላኝስ?»

«ሳይጠላሽ ሊያብድ ነው። የቱ ይሻልሻል?»

ወረደች። በሩን ገርበብ አድርጋ ነበር የተወችው፤ እኔም ገርበብ ያለ በር አይቼ የማልፍ ሴት አይደለሁም።

ነገረችው፤ ምንም አላስቀረችም። እሱ እስክትጨርስ ጣቶቹን ያያል።

«መጀመሪያ የጠየቅኩት አንቺን ነው» አላት።

«አውቃለሁ።»

«አይደለም ስትይኝ ሌላ ሰው አልጠየቅኩም።»

«ካወጣሁት ሁለተኛ የሚሞትብኝ መሰለኝ።»

ለመቆጣት አፉን ከፍቶ የነበረ ይመስለኛል። ግን አልተቆጣም፤ ያ ነው የባሰው። «ላወጣው እችላለሁ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ግን አባትሽ ነው። እጄን አላነሣበትም። አንቺው አድርጊው።» ጃኬቱን ይዞ በዝናቡ ውስጥ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት አብሬያት ወረድኩ። ለመጨረሻ ጊዜ አዳመጥነው። ኳ... ሸርርር። መጣ፣ በአጠገባችን አለፈ፣ በሩ ጋ ቆመ። ጉሮሮውን እስኪጠርግ ጠበቅን። ምንም አላለም። ልጅት ከጌሙ አወጣችው። መተላለፊያው ቀረ፤ አቧራውም በሩም እንዳሉ ናቸው። ጸጥታው ከኮቴው ይልቅ አስፈራኝ።

ከተማው ዳነ። አለቃውም ላቡን ጠረገ። ግንበኛው ግን ከእሷ ጋር አንድ ቃል አይለዋወጥም። በመተላለፊያው ሲገናኙ መንገድ ይለቅላታል፤ እንደ እንግዳ ሰው። መንገድ የሚለቅ ወንድ ከሚሳደብ ወንድ ይከፋል።

ጌሙ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ረፋዱ ላይ ምድር ቤቱ በሰው ተሞላ። ሁሉም በየስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። አለቃው፣ «ተከፈተ!» ሲል ከየአገሩ ያለ ሰው ጎርፍ ሆኖ ጌሙ ውስጥ ገባ። ተኩሱ፣ ጩኸቱ፣ ጭብጨባው ሌላ ነበር። ግንበኛው በአንዱ ጥግ፣ የልጅ ልጄ በሌላው ጥግ፣ ጀርባ ለጀርባ። እኔ መሐላቸው ወንበር ይዣለሁ፤ አንገቴን ባዞርኩበት ያለው ስክሪን ይታየኛል።

የግንበኛው ወታደር አይዋጋም። ጥይቱን እየሸሸ፣ በግድግዳ ጥግ ጥግ እያለ ወደ ግራጫው ቤት ገብቶ መተላለፊያው ውስጥ ቆመ። ዞሬ የልጅ ልጄን አየሁ። የእሷም ወታደር ወደዚያው እየሄደ ነው። ፊታቸውን በጭንብል የሸፈኑ ሁለት ወታደሮች ፊት ለፊት ቆሙ። ማንም መሣሪያ አላነሣም።

እሱ በማይኩ ተናገረ፤ በዚያ ክፍል ጫጫታ መሐል ከእሷ ሌላ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ማን ነሽ?»

«ኮቴ ነኝ። አንተስ?»

«የቤቱ ግንበኛ።» ቀጠለና፣ «ቤቱ ጸጥ ሲል አያምርም» አለ።

«አያምርም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትስቅብኝ። የሞተ አባቷን ጌም ውስጥ ደበቀች ሲባል የማይስቅ ማን አለ?»

«እኔ።» ወደ ማይኩ ተጠጋ። «ነግረሽኝ ቢሆን ግድግዳውን አወፍርልሽ ነበር። ድምፁን ከማንም እደብቅልሽ ነበር። ቤት መሥራት አይደል ሥራዬ? ለእሱ የሚሆን ቤት እሠራልሽ ነበር።»

የልጅ ልጄ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ወታደሯ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ወታደር ማልቀስ አልተሠራለትም።

«ሁለተኛ አልዋሽህም» አለችው።

«እንግዲያው ስሚኝ። ለእማማ ልነግራቸው የነበረውን ለራስሽ ልንገርሽ። እኔና አንቺ...»

በመስኮቱ በኩል አንድ የማይታወቅ ተጫዋች ገብቶ ሁለቱንም በጥይት ቆላቸው። «ጦር ሜዳ ላይ ቆማችሁ ወሬ?» ብሎ ጮኸ በማይኩ። ስክሪናቸው ቀላ።

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ቀጥሎ እሱ። ማዳመጫቸውን አወለቁና ወንበራቸውን አዞሩ። ከዚያ ዝናባማ ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ያ የመጀመሪያው ነው። ሰዉ ይጮኻል፣ አለቃው ያለቅሳል መሰለኝ፣ እነሱ ግን ዞር ብለውም አላዩ።

«ጨርሰው እንጂ» አለችው።

«ሞቻለሁ እኮ።»

«አንተ ልጅ!» አልኩት ከመሐል፣ «ተናገር፤ እኔም ዕድሜ የለኝም!»

ተናገረ። ተጋቡም።

ከጋብቻቸው በኋላ አንድ እሑድ የልጅ ልጄ ማይኳን ይዛ ወደ እኔ መጣች። የአሮጊት ኮቴ የለኝም አለች፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነበር የሚለው። ገብቶኛል።

«አትቀጂኝም» አልኳት። «ስሞት ልሙትበት። መስማት ካማረሽ አሁን ስሚኝ፤ አለሁልሽ።»

ማይኩን አጠፋችና አጠገቤ ተቀመጠች። ባሏም መጥቶ ተቀመጠ። እስኪመሽ አወራን። ስለ ምን እንዳወራን ዛሬ አላስታውስም፤ ማንም አልቀዳውም።